የነፃው መኻል ከተማ አውቶቡስና የነገ ዕጣው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ስለ አንድ ትንሽ ጉዳይ እናገራለሁ። ትንሽ ማለቴ ነገሩ ስለ ግድብ፣ ስለ ረጅም ድልድይ ወይም ስለ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ባለመሆኑ ነው። ጉዳዩ በአንድ ከተማ እምብርት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እየተመላለሰ ያለ ክፍያ ሰው የሚያጓጉዝ አውቶቡስ ነው። በዚህ በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለውን አገልግሎት «ሰርኩሌተር» ይሉታል፤ እኛ «ዟሪ አውቶቡስ» ብንለው ያስኬዳል።

«ዐባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ዟሪው አውቶቡስም ሰው ይዞ ሲዞር ይውላል፤ ማደሪያው፣ ማለትም በበጀት መዝገብ ላይ ያለው ቋሚ ስፍራው፣ የት እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ማደሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

፩. የአገልግሎቱ አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪ በብዛት ወደ ዳር ሰፈሮች ወጣ። ሱቁና ሲኒማ ቤቱም ተከትሎት ሄደ። በመኻል ከተማ የቀረው በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሕንፃና የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ለምሳ ወይም ለጉዳይ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ለመሄድ ሰው መኪናውን ከማቆሚያ ያወጣል፤ እንደ ገና ሌላ ማቆሚያ ፍለጋ ይዞራል። መንገዱ ይጨናነቃል፤ አየሩ ይበከላል። ነፃው አውቶቡስ የታሰበው ይህን አጭር ጉዞ ከመኪና ለመንጠቅ ነው።

የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1973 በመኻል ከተማው ውስጥ የአውቶቡስ ጉዞ ሁሉ ነፃ እንዲሆን አደረገ። የፖርትላንድ ከተማም የአየር ብክለትን ለመቀነስና የመኪና ማቆሚያ ጥበትን ለማቃለል በጥር 1975 ተመሳሳይ ነፃ ቀጣና ከፈተ። ዴንቨር በጥቅምት 1982 በ16ኛው መንገድ ላይ ለእግረኛና ለነፃ አውቶቡስ ብቻ የተለየ ጎዳና ሠራ። እኔ በቅርብ የምከታተለው የባልቲሞር አገልግሎት፣ «ቻርም ሲቲ ሰርኩሌተር» የሚባለው፣ የተጀመረው በጥር 2010 ነው።

እነዚህ አራት አገልግሎቶች አንድ ዓላማ ይዘው ተነሡ፤ ዕጣቸው ግን አንድ አልሆነም። ምክንያቱን ከማየታችን በፊት ስለ አገልግሎቱ ጠባይ ጥቂት ስሌት እንድንሠራ ይፈቀድልኝ።

፪. ተሳፋሪው የሚከፍለው ጊዜውን ነው

አንድ ሰው በመኻል ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መሄድ አለበት እንበል። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢራመድ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። አውቶቡሱ የትራፊክ መብራቱና ፌርማታው ተደምሮ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ተሳፋሪውን በ7 ደቂቃ ተኩል ያደርሰዋል። ነገር ግን ተሳፋሪው አስቀድሞ ይጠብቃል። አውቶቡሶቹ በየ10 ደቂቃው የሚመጡ ከሆነ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው፤ ጠቅላላው 12 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ከእግር ጉዞ ጋር ሲነጻጸር 7 ደቂቃ ተኩል አተረፈ። በየ15 ደቂቃው ከሆነ ትርፉ ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል፤ በየ20 ደቂቃው ከሆነ ደግሞ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል። በየ25 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ከእግር ጋር እኩል ነው፤ ምንም ትርፍ የለውም።

በረጅም መንገድ ላይ አንድ ሰው 10 ደቂቃ ቢጠብቅ ከጠቅላላው ጉዞ ጥቂቱን ነው ያጠፋው። በአጭር መንገድ ላይ ግን ጥበቃው የጉዞው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ዟሪ አውቶቡስ እውነተኛ ዋጋው የሚለካው በሁለት ተከታታይ አውቶቡሶች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ዋጋው ዜሮ ሆኖ አውቶቡሱ ካልመጣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይሆናል።

ነፃነቱ ራሱ ግን ለፍጥነት የሚያበረክተው ድርሻ አለው። ተሳፋሪ በፊት በር ብቻ ተሰልፎ ሳንቲም ሲከፍል ለአንድ ሰው አራት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ክፍያ ከሌለ በሁሉም በር መግባት ስለሚቻል ከዚህ ግማሹ ሊተርፍ ይችላል። በአንድ ዙር 60 ሰው ቢሳፈር ሁለት ደቂቃ ተገኘ ማለት ነው። በ40 ደቂቃ ዙር ውስጥ ሁለት ደቂቃ የሚናቅ አይደለም። «አንድ ዶላር ብቻ ብናስከፍልስ?» የሚሉ ሁሉ ይህን ጊዜ፣ የገንዘብ መቀበያ ሣጥኑን፣ የቆጠራውንና የጥበቃውን ወጪ ከዚያች ዶላር ላይ ቀንሰው ማስላት ይገባቸዋል።

፫. ስለ ራሴ ስሕተት

ይህን ስሌት ዛሬ በቀላሉ እነግራችኋለሁ። የተማርሁት ግን በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በስሕተት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን፣ በዚሁ አገር በአንድ ከተማ የነፃ ዟሪ አውቶቡስ ወጪ እንዲቀነስ ጥናት እንዳቀርብ ታዘዝሁ። የከተማውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ አራት አውቶቡሶች ይሠሩ ነበር፤ አንድ ዙር፣ በመጨረሻው ጣቢያ ላይ ለሾፌሩ ከሚሰጠው የ5 ደቂቃ ፋታ ጋር፣ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ይመጣል። እኔም አንዱ ቢነሣ ልዩነቱ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እንደሚሆን፣ የተሳፋሪው አማካይ ጥበቃም በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብቻ እንደሚጨምር አሰላሁ። የአንድ አውቶቡስና የሾፌሮቹ ወጪ ይተርፋል። ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ፤ ውሳኔውም በሥራ ላይ ዋለ።

ያላሰላሁት ነገር ይህ ነው። ሦስት አውቶቡሶች የአራቱን ሰው ሲያነሡ እያንዳንዱ በየፌርማታው የሚያገኘው ሰው በሲሶ ይጨምራል። ሰው ሲበዛ መሳፈሪያው ጊዜ ይረዝማል። የሾፌሩ ፋታ በዚሁ ተበላ፤ ዙሩም 45 ደቂቃ ደረሰ፤ ልዩነቱ 15 ደቂቃ ሆነ። ከዚያም የዘገየው አውቶቡስ የበለጠ ሰው ስለሚጠብቀው የበለጠ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ባዶውን እየሮጠ ይደርስበታል። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ በወረቀት 15 ደቂቃ የነበረው ልዩነት በመንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

በዚያው ክረምት ቅዝቃዜው በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ለመቁጠር ከፌርማታ ቆሜ ነበር። በሆስፒታል ጽዳት የሚሠሩ አንዲት አሮጊት መጥተው አውቶቡሱ ቀረ ወይስ ይመጣል ሲሉ ጠየቁኝ። አሁን ይደርሳል አልኋቸው። እሳቸውም አውቶቡሱ ነፃ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም ሊነግራቸው እንዳልቻለ ገልጸው፣ ባቡራቸው እንዳያመልጣቸው እያዘገሙ በእግራቸው ሄዱ። ከሄዱ ከ11 ደቂቃ በኋላ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው መጡ። የቆጠራ ወረቀቴ ላይ እኒያ ሴት አልተመዘገቡም፤ ምክንያቱም አልተሳፈሩም።

በተከታዩ ዓመት የተሳፋሪው ቁጥር መቀነሱ ሪፖርት ተደረገ። ይኸው ቁጥር የማታውን አገልግሎት ለማስቀረት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የቀነሰውን ቁጥር ያመጣው የእኔ ጥናት እንደ ነበር ያስታወሰ ሰው በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ እኔም ደፍሬ አልተናገርሁም። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አበው፤ በዚያ ቀን የቀረው ግን የእኔ ሹመት ሳይሆን የሌሎች ሰዎች አውቶቡስ ነው። ይህን ለእናንተ መንገሬ ማንም ወጣት መሐንዲስ ተመሳሳይ ወረቀት ሲጽፍ ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው።

፬. የአራት ከተሞች ትምህርት

አሁን ወደ ከተሞቹ ዕጣ እንመለስ። የሲያትል ነፃ ቀጣና 39 ዓመት ኖሮ በመስከረም 2012 ተዘጋ። ከተማው ለካውንቲው የአውቶቡስ ድርጅት በዓመት 400,000 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ይህም ከሚቀረው የቲኬት ገቢ በእጅጉ ያንስ ነበር። ድርጅቱ የበጀት ጉድለት በገጠመው ጊዜ፣ በ2011፣ የካውንቲው ምክር ቤት የመኪና ባለቤቶች ለሁለት ዓመት ተጨማሪ 20 ዶላር እንዲከፍሉ ሲስማማ፣ ነፃው ቀጣና እንዲቀር የሚል ቃል በዚያው ስምምነት ውስጥ ገባ። ከተዘጋ በኋላ ለችግረኞች በክሊኒኮችና በመጠለያዎች አጠገብ የሚያልፍ አነስተኛ ነፃ አውቶቡስ ተመደበላቸው። ይህም ነፃው ጉዞ ለአንዳንዱ ምቾት፣ ለአንዳንዱ ግን ሕይወት እንደ ነበር ያሳያል።

ፖርትላንድ በ2010 አውቶቡሶችን ከነፃው ቀጣና አውጥቶ ባቡሮችን ብቻ አስቀረ፤ በመስከረም 2012 ደግሞ እሱንም በበጀት ጉድለት ምክንያት ዘጋ።

የዋሺንግተን ዟሪ አውቶቡስ ታሪክ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። ከመስመሮቹ አንዱ ከዉድሊ ፓርክ ተነሥቶ፣ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት በከፈቱበት በአዳምስ ሞርጋን በኩል ወደ ማክፈርሰን አደባባይ ይሄድ ነበር። አገልግሎቱ በሐምሌ 2005 ሲጀመር ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። በየካቲት 2019 የከተማው ከንቲባ ነፃ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ ለዚህ የሚሆን በጀት ስላልፈቀደ ግን በጥቅምት ወር ክፍያው ተመለሰ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 31 ቀን 2024 አገልግሎቱ ፈጽሞ ቆመ። መስመሮቹ በከፊል ከትልቁ የሜትሮ አውቶቡስ መስመሮች ጋር ይደራረቡ ስለ ነበር፣ በጀት በጠበበ ጊዜ «ሌላ አውቶቡስ አለ» የሚለውን ክርክር መመከት አልቻለም።

ዴንቨር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቷል። ከ2022 ጀምሮ ጎዳናው ሁሉ ፈርሶ ሲሠራ እንኳ አውቶቡሱ በአጎራባች መንገዶች ላይ ተመላለሰ፤ በ2025 ጎዳናው ተጠናቅቆ ተከፈተ። የጽናቱ ምሥጢር በአሠራሩ ላይ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ጎዳና ጫፍና ጫፍ ላይ ትልልቅ ጣቢያዎች አሉ። ከዳር ሰፈር የሚመጡ አውቶቡሶች መኻል ከተማውን ሲያቋርጡ ከመዋል ይልቅ በነዚህ ጣቢያዎች ሰው ያራግፋሉ፤ ሰውም በነፃው አውቶቡስ ይከፋፈላል። ስለዚህ ነፃው አውቶቡስ ቢነሣ ሌላው መረብ ሁሉ ይቃወሳል። ማንም የበጀት ባለሥልጣን እንደ ጌጥ ሊቆጥረው አይችልም፤ እንደ ምሰሶ ነው።

፭. የባልቲሞር ጥያቄ

ባልቲሞር በነዚህ መካከል ይገኛል። ብርቱካናማው መስመር ከምዕራብ ምሥራቅ ይዘልቃል፤ ሐምራዊው ከሰሜን ወደ ደቡብ በባቡር ጣቢያው በኩል ይሄዳል፤ አረንጓዴው የጆንስ ሆፕኪንስን ሆስፒታል ያገናኛል፤ ባነር የሚባለው ወደ ታሪካዊው የማክሄንሪ ምሽግ ይደርሳል። የገቢው ዋና ምንጭ ከመኪና ማቆሚያ የሚሰበሰብ ታክስ ነው።

በመርሕ ደረጃ ይህ ታክስ መልካም ነው፤ መጨናነቁን የሚያመጣው መኪና ራሱ መፍትሔውን ይከፍላል። ነገር ግን አውቶቡሱ ዓላማውን በፈጸመ መጠን መኪና ይቀንሳል፤ መኪና ሲቀንስ ገቢው ይቀንሳል። በዚህ ላይ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከቤቱ ሲሠራ የመኪና ማቆሚያዎች ባዶ ሆኑ፤ በአውቶቡስ ከመሄድ በቀር ምርጫ የሌለው የሆስፒታልና የገበያ ሠራተኛ ግን ሥራው ላይ ነበር። አገልግሎቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ገቢው የሚደርቅ ከሆነ የገንዘቡ መሠረት በአንድ እግር የቆመ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍትሕ ነው። ከዳር ሰፈር የሚመጣ ሠራተኛ ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት አውቶቡስ ይከፍላል፤ በወደብ ዳር የሚዝናና ጎብኚ በነፃ ይሳፈራል። ይህ ለብዙ ዓመታት ያስነሣውን ቅሬታ ከመናቅ ይልቅ መልስ መስጠት ይገባል። በደቡብ ወደሚገኘው የቼሪ ሂል ሰፈር መስመር መዘርጋቱ በበኩሌ ትክክለኛ እርምጃ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ መስመር በተጨመረ ቁጥር አውቶቡስ ካልተጨመረ፣ ቀደም ብዬ የተናዘዝሁት ስሕተት በሌላ መልክ መደገሙ አይቀርም።

፮. ምን ይደረግ?

እንግዲህ ነፃው አውቶቡስ እንዲኖር ከተፈለገ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ገቢው በሕግ የተጻፈና ከአንድ ምንጭ በላይ ይሁን። የመኪና ማቆሚያው ታክስ ይቆይ፤ በመስመሩ አጠገብ ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመት በሚጸና ውል መዋጮ ይጨምሩ። በደጉ ዘመን ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ገበሬ ዘር ሳያስቀር እህሉን ሁሉ አይበላም።

ሁለተኛ፣ በቀን ከ10 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ደንብ ይውጣ። ገንዘብ ካጠረ መስመሩ ይጠር፤ በዙሩ ላይ ያሉት አውቶቡሶች ግን አይቀነሱ። ይህ ለፖለቲካ ሰዎች እጅግ የሚከብድ ነው፤ መስመር ማሳጠር በካርታ ላይ ይታያል፤ ልዩነትን ማስፋት ግን አይታይም። ስለማይታይ ነው የሚመረጠው። ያን በቁጥር አውጥቶ ማሳየት የእኛ የመሐንዲሶች ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰው ይቆጠር። ቲኬት የሌለው አውቶቡስ ምስክር የለውም። በሮቹ ላይ የሚተከሉ ቆጣሪ መሣሪያዎች በየፌርማታው የወጣውንና የወረደውን ይመዘግባሉ። ውጤቱ፣ ከአውቶቡሶቹ የመድረሻ ሰዓት ጋር፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። የተሳፋሪው ቁጥር ሲወርድ የአገልግሎቱ ጥራትም አብሮ ወርዶ እንደ ሆነ ማንም ያያል።

አራተኛ፣ እንደ ዴንቨር የትልቁ መረብ አካል ይሁን። ከባቡርና ከሌሎች አውቶቡሶች ጣቢያ ጋር ይገናኝ፤ ሌላ አውቶቡስ በሚሄድበት መንገድ ላይ አይደረብ።

በነፃ አውቶቡስ ላይ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች አንዱ ቤት የሌላቸው ሰዎች ለመጠለያ ይጠቀሙበታል የሚል ነው። ሾፌሮች የሚያማርሩበት እውነተኛ ችግር መሆኑን አልክድም። ሆኖም አንድ ሰው በቅዝቃዜ ቀን በአውቶቡስ ውስጥ ሲሞቅ ቢገኝ የጎደለው መጠለያ ነው፤ ጉድለቱን ለመሙላት ሌላው ሰው ሁሉ ቲኬት እንዲቆርጥ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

፯. ማጠቃለያ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ያደግነው በአዲስ አበባ ነው። የአንበሳ አውቶቡስ ዋጋ ለአገልግሎቱ ከሚወጣው በታች እንደ ነበር፣ ልዩነቱንም መንግሥት በድጎማ ይሸፍን እንደ ነበር እናውቃለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ አውቶቡሶች ተመድበዋል። ጥያቄው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ ተሳፋሪው የማይከፍለውን ማን ይከፍላል? እስከ መቼስ ይከፍላል? ዋጋው ዝቅ ብሎ ሰልፉ ከረዘመ ሰው በገንዘቡ ፋንታ ጠዋቱን እንደሚከፍል በሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

የባልቲሞርን አገልግሎት ዕጣ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የሲያትልን መንገድ ሊከተል ይችላል፤ የዴንቨርንም ሊከተል ይችላል። የሚወስነው ለአውቶቡሱ ባለን ፍቅር ብዛት አይደለም፤ ሲያትልም አውቶቡሱን ይወድ ነበር። የሚወስነው ማደሪያ እንሠራለታለን ወይስ ግንዱን ይዞ እንዲዞር እንተወዋለን በሚለው ነው።

እኔ እስከ ዛሬ በማንኛውም የወጪ ቅነሳ ሰንጠረዥ ላይ ከመፈረሜ በፊት እኒያን አሮጊት አስታውሳለሁ። በዚያ ቀን ባቡራቸው ላይ ደርሰው እንደ ሆነ አላወቅሁም። በሰንጠረዡ ላይ የማይታዩትን ሰዎች ለመቁጠር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቻለኝን እጥራለሁ፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ በትሕትና እጠይቃለሁ።